ላፕቶፕ ድምፅ እምቢ ሲል የማይደረጉ ነገሮች

ላፕቶፕዎ ድምፅ አላወጣም ሲሉ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ዊንዶው ይቀየር» ነው። እባክዎ አይቸኩሉ። ፎርማት ሲደረግ ፋይልዎ ሊጠፋ ይችላል። የተበላሸው ጃኩ፣ ማለትም ኢርፎን የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ዊንዶው አያድነውም።

ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሳያዩ ስፒከሩ ተቃጠለ አይበሉ። ከታች በስተቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ይክፈቱና ድምፁ በየትኛው መሣሪያ እንዲወጣ እንደተመረጠ ይዩ። ሌላ ክፍል ያለ የብሉቱዝ ስፒከር ወይም በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ ቲቪ ድምፁን ወስዶት ይሆናል።

በጣም የሚያሳስበኝ ጃኩን በመርፌ መጎርጎር ነው። ኢርፎኑን ነቅለውም ስፒከሩ ዝም ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ኢርፎን መሰካቱን ለላፕቶፑ የሚነግር ትንሽ መገናኛ አለ። አቧራ ወይም የኪስ ብናኝ ሲይዘው ላፕቶፑ ኢርፎኑ አሁንም የተሰካ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ስፒከሩን ይዘጋል። መርፌ እነዚያን ቀጫጭን ብረቶች ያጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ ጃኩን ማስቀየር ነው። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ በስልክ መብራት ውስጡን ይዩ። ኢርፎኑን ቀስ ብለው እያዞሩ ደጋግመው ይሰኩ፣ ይንቀሉ። ካልሆነ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየር በአጭር በአጭሩ ይንፉበት። በአፍዎ ግን አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ሙዚቃው እየተሰማ የዘፋኙ ድምፅ ከጠፋ ኢርፎኑን ለመጣል አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው። ገፋ ያድርጉት፤ በስልክም ይሞክሩት።

ማይክ አልሰራ ካለ ደግሞ ሶኬቱን ይዩ። አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ማይክ የሚቀበለው ሦስት ቀለበት ካለው ሶኬት ነው። አረንጓዴና ሮዝ ሶኬት ያለው ሄድሴት ማገናኛ ይፈልጋል።

ድምፅ እጥፍ እናደርጋለን የሚሉ ፕሮግራሞችን ይተዉ፤ ትንንሾቹን ስፒከሮች ሊያበላሹ ይችላሉ።

ድራይቨር (ዊንዶው የድምፁን ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም) ከማይታወቅ ድረ ገጽ አያውርዱ። ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶው የመሣሪያዎች ዝርዝር) ገብተው የድምፁን ድራይቨር አንኢንስቶል ያድርጉና ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ዊንዶው ራሱ ይመልሰዋል። ካልሆነ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ያውርዱ። ጥርጣሬ ካለዎት ኡቡንቱን (በዊንዶው ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም) በፍላሽ አስነስተው ሳይጭኑት ይሞክሩ። እዚያ ድምፅ ካለ ጥፋቱ የዊንዶው ነው።

የሞተው ጃኩ ብቻ ከሆነም ቦርዱን ከማስነካትዎ በፊት በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ይሞክሩ። የራሷ የኢርፎን ቀዳዳ ስላላት የተበላሸው ጃክ አያስፈልግዎትም።