የማሽላ ጠባቂ ወንጭፍ፦ አጎነጓጎኑና አወራወሩ

ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር ግሪሳው ጠዋትና ወደ ማታ ይወርዳል። ማማ ላይ ለቆመ ጠባቂ ከጩኸትና ከጅራፍ ሌላ የሚያዋጣው ወንጭፍ ነው።

ገመዱ የቃጫ ይሁን። ከማዳበሪያ ከረጢት የተተረተረው ቶሎ ይጎነጎናል፤ ግን ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ሳይታሰብ ይበጠሳል፣ ላብ በነካው እጅም ያሟልጫል። ቃጫውን አርሱና 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ 6 ፈትሎች ቁረጡ፤ ሦስት ሦስቱን ጎንጉኑ። ጉንጉንና ቋጠሮ ርዝመት ስለሚበሉ የሚተርፈው 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት እንዲህ ያለ ገመድ ይበቃል።

ለድንጋዩ ማረፊያ 12 በ6 ሴንቲ ሜትር ቆዳ ያስፈልጋል። ያረጀ የቆዳ ጫማ ምላስ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በሁለቱ ጫፎች ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱት፤ ጠርዙ ላይ ከተበሳ ይተረተራል። ገመዶቹን ካሰራችሁ በኋላ ቆዳውን አርሱትና ድንጋይ አስራችሁበት አሳድሩት፤ ሲደርቅ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል።

የአንዱ ገመድ ጫፍ ለመሐል ጣት ቀለበት ይሠራለታል፤ የሌላው ይቋጠርና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል። ቋጠሮውን የምታስሩት ግን ድንጋይ ጭናችሁ፣ ቀለበቱን ጣታችሁ ላይ አጥልቃችሁ፣ ሁለቱን ገመዶች እኩል ወጥራችሁ ነው። ባዶውን ተለክቶ የታሰረ ወንጭፍ ቆዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ድንጋዩ ሳይለቀቅ ይሾልካል። ብዙ ሰው እጁን የሚወቅሰው በዚህ ጥፋት ነው።

ለወፍ ድንጋይ አታባክኑ። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጭቃ ድብልብል ሲደርቅ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አገዳ ሲመታ ይፈረካከስና መንጋውን ያስበረግጋል፣ በአጨዳ ጊዜም ማጭድ አያዶለዱምም። ጭድ አትቀላቅሉበት፣ እሱ ለግድግዳ ነው። ጥላ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ለዝንጀሮ የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር ይሻላል።

ሲወረወር ወንጭፉ በጎናችሁ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ፊት ይዙር። አንድ ዙር ይበቃል፤ ደጋግሞ ማሽከርከር ለታይታ ነው። ድንጋዩ የሚሄደው በለቀቃችሁበት ቅጽበት ወዳመራበት ነው፦ ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዘገያችሁ እግራችሁ ሥር ይተከላል። ከራስ በላይ አግድም ካዞራችሁት ግን ስሕተቱ ግራና ቀኝ ስለሚሆን ጎረቤት ማማ ላይ ያለውን ልጅ ያገኘዋል። ኋላችሁም ሰው አይቁም።

ገመዱን እጥፍ አርዝሞ በዚያው የዙር ፍጥነት ያዞረ ሰው የድንጋዩን ጉልበት እስከ አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ስለዚህ የልጅ ወንጭፍ ይጠር። ጠዋት ጠዋት የቆዳውን ቀዳዳዎች እዩ፤ ገመዱ መጀመሪያ የሚሳሳው እዚያ ነው።