«ባትሪው ሞቷል፣ ብር ላክ» ሲሏችሁ፦ የሀዋሳውን ሶላር ከውጭ ሆኖ መከታተል

ሀዋሳ ዳር፣ ቱላ አካባቢ ወይም ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ ለቤተሰቡ ሶላር ያስገጠመ ሰው ይህ ስልክ ሳይደወልለት አይቀርም። «መብራቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። ባለሙያ አይቶት ባትሪው ሞቷል ብሏል።» ከዚያ ዋጋው ይከተላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ባትሪው በትክክል ቻርጅ እየተደረገ መሆኑን ሳታረጋግጡ ብር አትላኩ። ባትሪ በእርግጥ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተ የሚባለው የተራበ ባትሪ ነው። አዲሱንም እዚያው ቦታ ብታስገቡት ይራባል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ምረጡ። የአክስት ልጅም ይሁን ተከራይ፣ ዋናው ስልክ የሚያነሳና ቁጥር አንብቦ የሚነግራችሁ መሆኑ ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይኑረው። እሱን በመንገደኛ መላክ ይቻላል። ባትሪውን ግን በሻንጣ እንልካለን ብላችሁ አትድከሙ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ መጠባበቂያ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነው ደግሞ ከ1,200 ዋት ሰዓት ያልፋል።

ያ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ። የመጀመሪያው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ፓነሉን ሳትነካ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው ሳጥን) ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.7 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ጠዋት ጠዋት ከ12 በታች የሚያድር ከሆነ ባትሪው በየቀኑ እየተጎዳ ነው፤ ሳይሞላ የሚከርም የእርሳስ ባትሪ ውስጡ ይጠጥርና አቅሙን ያጣል። ሁለተኛው ልኬት ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ እያለች ነው። ቻርጅ እየተደረገ ያለ የእርሳስ ባትሪ እስከ 14.4 ገደማ መድረስ አለበት፤ ጄል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ትንሽ ዝቅ ይላል። ትክክለኛው ቁጥር የአምራቹ ወረቀት ላይ አለ፣ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ቀኑን ሙሉ 14 ካልደረሰ የፓነሉ ጉልበት አንሷል፣ ወይ ቀን ላይ አንድ ነገር እየበላው ነው፣ ወይ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። የሚበላውን ስትጠይቁ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አትርሱ። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚጎትት ነገር ለትንሽ ሶላር አይሆንም።

ስልካችሁ ላይ የክትትል አፕ ካለ የባትሪውን ፐርሰንት ትታችሁ ፓነሉ የሚያመነጨውን ኃይል የቀን ግራፍ እዩ። የጤነኛ ቀን መስመር ከጠዋት ቀስ እያለ ይወጣል፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጎደጉድ ከሆነ ጥላ ነው። ሶላሩ ሲገጠም ትንሽ የነበረው አቮካዶ አድጓል፣ ወይ ጎረቤት ፎቅ ጀምሯል። መስመሩ ከላይ ታች የሚዘል ከሆነ ደመና ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህን አይታችሁ አትደንግጡ። ቅርጹ ደህና ሆኖ ቁመቱ ድንገት ግማሽ ከሆነ ከፓነሎቹ አንዱ መስመር ተቋርጧል፣ ፊውዙና ማገናኛው ይታይ። በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ደግሞ አቧራ ነው። በማለዳ፣ ፓነሉ ሳይግል፣ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ።

አሳሳቹ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ድረስ ጥሩ ወጥቶ ድንገት የሚወርደው ነው። ባትሪው እውነት ሞልቶ ከሆነ ጤና ነው። ማታ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ ወይ የባትሪው አቅም አልቋል፣ ወይ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ባትሪው ሳይሞላ ሞልቷል ብሎ ተታሏል። አጎቴ ቤት የነበረው ይኸው ሁለተኛው ነው። ኮንትሮለሩ 14.4 ያሳያል። በዚያው ደቂቃ ባትሪው ጫፍ ላይ ሲለካ 13.7 ነው። 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የገመዱ ጫፍ የታሰረበት ብሎን ላልቷል፣ ዙሪያው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ተጸዳ፣ ተጠበቀ፣ ባትሪው አልተቀየረም። እናንተም ይህን አስለኩ፦ ቻርጅ እየተደረገ እያለ አንዱን የቴስተር ጫፍ ኮንትሮለሩ ላይ ካለው የባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከባትሪው ፖዘቲቭ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.2 ካለፈ ጠርጥሩ። በኔጋቲቩም ይደገም። ብሎን ከመፈታቱ በፊት የፓነሉ ብሬከር ይጥፋ፤ ሲመለስም ባትሪው ቀድሞ፣ ፓነሉ ኋላ።

ሊቲየም ካላችሁ በቮልት መገመት ያስቸግራል። ከ30 እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይነቃነቅም። ከባትሪው ጋር በዳታ ገመድ ያልተገናኘ ኢንቨርተር ፐርሰንቱን ከቮልት ስለሚገምት ነው 90 ሲል ቆይቶ በአንዴ 20 የሚለው። ሻንት ከተገጠመ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር ይቆጥራል፣ ያ ይሻላል። ነገር ግን ኔጋቲቭ ገመድ ሁሉ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። አንድ ሰው ለአምፖል ብሎ ቀጥታ ከባትሪው ከጠለፈ አይቆጠርም። ባትሪው አልፎ አልፎ ጢም ብሎ ካልሞላም ቆጠራው ይዛነፋል።

አፑ «ኦፍላይን» ሲል መብራት የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ፓኬጁ አልቆ ወይም ዋይፋዩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀድማችሁ ደውሉ። ዋይፋዩ ኢንቨርተሩ በሚመግበው ሶኬት ላይ ይሰካ። የአፑን ሰዓትም በኢትዮጵያ አድርጉት። እናታችሁ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጠፋ» ሲሉ አፑ ላይ 3:00 ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ልዩነቱ በክረምታችሁ 8፣ በበጋችሁ 7 ሰዓት መሆኑን አስታውሱ። ይህን ሳያስተካክሉ የጠፋበትን ምክንያት ግራፉ ላይ መፈለግ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ባትሪው ካልተጣራ አንድ የመጨረሻ ፈተና አለ። ባለ 100 አምፔር ሰዓቱ የእርሳስ ባትሪ በደንብ ቻርጅ ይደረግ፣ ማታ የ60 ዋት ጭነት ብቻ ይብራበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ አዎ፣ ሞቷል። ያኔ አብረው የሚሠሩት ባትሪዎች በአንድ ላይ ይቀየሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። የተመረተበት ቀን በፎቶ ይላክላችሁ። ኮንትሮለሩ ለአዲሱ ባትሪ ዓይነት ይስተካከል። የባለሙያውን ቀሪ ክፍያ የምትለቁት የጠዋቱና የከሰዓቱ ልኬት ሲደርሳችሁ ነው።