የድሮ ቅጣትን ከመዝገብ ማሰረዝ፦ ጅማ ላይ የሠራው መንገድ

ችግሩ፦ ቅጣቱ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል፣ ከወንጀል ነጻ የሚለው ማስረጃ ግን ለሥራ ሲጠየቅ አሻራው ላይ ሪከርድ ይወጣል። ዝም ብሎ ጊዜ በማለፉ የሚሰረዝ ነገር የለም። መፍትሔው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ያለው «መሰየም» ነው፤ ይኸውም ፍርድ ቤት የተቀጣውን ሰው መብት መልሶ ቅጣቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የሚያዝበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ የወደቀው በቀን ስሌት ነው። ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለሌላው 2 ዓመት ማለፍ አለበት፤ ቆጠራው ግን ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ከተፈጸመበት ነው። በአመክሮ ለወጣ ሰው ግዴታውን እስካከበረ ድረስ ከተለቀቀበት ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ከማረሚያ ቤቱ የመፈቻ ደብዳቤ ይውጣ፤ ቀኑ ደብዝዞ ከሆነ አዲስ ማስጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ካሳ ነው። ፍርዱ ለተበዳይ ካሳ ካዘዘ ሰውየው በአቅሙ መክፈሉን ማሳየት አለበት። «ታርቀናል» ማለት ብቻውን አያዋጣም፣ ደረሰኝ ወይም ተበዳዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ከቀበሌ የነዋሪነትና የመልካም ጠባይ ደብዳቤ ይጨመር።

ማመልከቻው ለፈረደው ፍርድ ቤት ይገባል። ጅማ ላይ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ ጽፎ መመላለስ ጊዜ ያባክናል፤ የመዝገብ ቁጥሩ አናቱ ላይ ይስፈር።

ትእዛዙ ሲወጣ ሥራው አላለቀም! ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ወስዶ አሻራውን ለያዘው ፖሊስ ማስገባት፣ ከዚያም ማስረጃውን እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ሪከርዱ የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው።