የባቡር የኪስ ሰዓት ሰብሳቢን የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች የኪስ ሰዓት መቶ ዓመት አልፎትም ይሠራል። ተበላሸ ተብሎ ወደ ጠጋኝ ከሚወሰደው ግን ጥቂት የማይባለው ምንም አልሆነም።

መሙያው ይሞላል፣ ቆጣሪዎቹን ግን አያዞርም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው መሙያውን በጉልበት ስቦ የሚሰብረው። ሰዓቱ እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። በ1891 በኦሃዮ ግዛት ኪፕተን በምትባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የክሊቭላንዱ ጌጣጌጥና ሰዓት ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡር ሰዓቶችን እንዲቆጣጠር ተሾመ። ከዚያ እየጠበቀ የመጣው ደንብ ሠራተኛው ሰዓቱን ሲሞላ ሳያስበው ቆጣሪውን እንዳያዛባ ይከለክል ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው። የፊቱን ክዳን ከነመስታወቱ ወደ ግራ አዙረው ይፍቱ። በገጹ ጠርዝ፣ ብዙውን ጊዜ በቁጥር 1 እና 2 አካባቢ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል የብረት ምላስ አለች። በጥፍርዎ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይሳቧት፤ ያን ጊዜ መሙያው ቆጣሪዎቹን ያዞራል። ሲጨርሱ ምላሷን ወደ ቦታዋ መልሰው ክዳኑን ይግጠሙ።

ጀርባው በቢላዋ አይከፈትም

ቢላዋውን ያስቀምጡት። ብዙዎቹ ጀርባቸው በጥርስ የሚጠብቅ ነው፤ የላስቲክ ጓንት አድርገው በመዳፍ ወደ ግራ ያዙሩ። ከነጭራሹ የጀርባ ክዳን የሌላቸውም አሉ፤ የእነዚህ ሞተር (የሰዓቱ የውስጥ ማሽን) የሚወጣው በፊት በኩል በማጠፊያ ነው።

በሰዓት ውስጥ ብዙ ደቂቃ ይቀድማል

መጀመሪያ ማግኔትን ይጠርጥሩ። የሚወዛወዘውን ጎማ የሚቆጣጠረው ቀጭን ስፕሪንግ ማግኔት ሲይዘው ጥምዝምዞቹ ይጣበቃሉ፤ ስፕሪንጉ ያጠረ ያህል ስለሚሆን ጎማው ይፈጥናል። በእጅ ያለች ትንሽ ኮምፓስ ወደ ሞተሩ አስጠግተው ይመልከቱ፤ መርፌዋ አብራ ከተንቀጠቀጠች ማግኔት አለ። ማግኔት ማስወገጃ መሣሪያ በቅጽበት ያድነዋል። መርፌዋ ዝም ካለች ስፕሪንጉን ዘይት ነክቶት ይሆናል፤ ይህ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው። በላዩ ላይ ዘይት መንፋት ግን ሰዓቱን መቅበር ነው።

ጀርባው ላይ ባቡር ተቀርጿል፣ አዋቂዎች ግን «የባቡር አይደለም» ይላሉ

ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የባቡር ሥዕል ገዢን ስለሚስብ በርካሽ የስዊስ ሰዓቶች ላይ ሳይቀር ይቀረጽ ነበር። በኋላ የጸናው መስፈርት ግን ሥዕል አይጠይቅም ነበር፦ ከመስታወቱ በላይ የብረት ክዳን የሌለው ፊት፣ በአሜሪካ የሰዓት መለኪያ መጠኑ 16 ወይም 18፣ ቢያንስ 17 ሩቢ (ግጭት የሚቀንሱ ድንጋዮች)፣ ተኝቶም ቆሞም እኩል እንዲሄድ ቢያንስ በ5 አቀማመጥ የተስተካከለ፣ ጎላ ያሉ ቁጥሮች፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ ስህተት። ስለዚህ ጀርባውን ከፍተው ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የምርት ዘመኑም የሚታወቀው በሞተሩ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ የቀፎው (የውጭ ሽፋኑ) ቁጥር የቀፎ ሠሪው ነው።

ገጹ «ቦል» ይላል፣ ሞተሩ የሃሚልተን ይመስላል

አልተታለሉም። ቦል የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም፤ ከሃሚልተን፣ ከዋልተምና ከሌሎች የሰዓት ፋብሪካዎች አሠርቶ በስሙ ይሸጥ ነበር። እኔ ከሰዓቱ ይልቅ ማስታወቂያውን የማደንቅለት ለዚህ ነው፦ ደንብ አስከባሪውም ሻጩም ራሱ ነበር።

የቆየ የሰዓት ማስታወቂያ ገዝተው ዘመኑን ተጠራጠሩ

ሻጩ የነገረዎትን ትተው የተጻፈውን ያመሳክሩ። ሃሚልተን የተመሠረተው በ1892 በላንካስተር፣ ፔንሲልቬኒያ ነው፤ «የ1880ዎቹ የሃሚልተን ማስታወቂያ» የሚባል ነገር የለም። 992ቢ የተባለው የሃሚልተን ሞዴልም የወጣው በ1940 ስለሆነ፣ በ1920ዎቹ ወረቀት ላይ ሊገኝ አይችልም። ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ከሆነ ጀርባውን ይገልብጡ፤ እዚያ ያለው ሌላ ማስታወቂያ ወይም የጽሑፍ ቁራጭ ዘመኑን ያጋልጣል። ጀርባው ባዶና ነጭ ከሆነ በቅርቡ የታተመ ቅጂ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ቀፎው የራሱ ይሁን አይሁን አይታወቅም

በዚያ ዘመን ሞተርና ቀፎ ለየብቻ ይሸጡ ስለነበር ደንበኛው የመረጠውን ቀፎ ሰዓት ሻጩ ይገጥምለት ነበር። በቀፎው የውስጥ ጠርዝ ላይ ሞተሩን የያዙት ብሎኖች የተዉትን ጭረት ይፈልጉ። አሁን ካሉት ብሎኖች ርቆ ሌላ ጭረት ካለ፣ ሌላ ሞተር ኖሮበታል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ይከራከሩ።