ቆየት ያለ ቱርቦ መኪናን ወደ ኢታኖል ማዞር

ኢ85 እስከ 85 በመቶ ኢታኖል ያለው ነዳጅ ነው፤ ቀሪው ቤንዚን ነው። ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍተኛ ነው። ሲተን ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በደንብ ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ሳያንኳኳ ተጨማሪ የቱርቦ ግፊት ይችላል። በጣም የምወደው ነዳጅ ነው። ግን ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ጉልበቱ ይሮጥና ሞተሩን ያቃጥላል።

ለምን መሰላችሁ? 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ኢ85 ግን 9.8 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ለዚያው አየር በኪሎ 50 በመቶ ገደማ፣ በሊትር ሲለካ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ መግባት አለበት። ምንም ሳትቀይሩ ኢ85 ሞልታችሁ ከረገጣችሁት ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል።

መጀመሪያ አሮጌዎቹን የነዳጅ ጎማዎች አውጡና ኢታኖል በሚችል ቱቦ ተኩ፤ ውስጡ ቴፍሎን የሆነው ጥሩ ነው። ኢታኖል የቆየ ጎማና የቡሽ ጋስኬት ይጎዳል፣ ውኃም ስለሚስብ ታንከሩን ከውስጥ ያዝጋል። ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ደግሞ አጥቦ ያመጣዋል። ታንከሩን ቀድማችሁ አጽዱ፣ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሙሌቶች በኋላም ፊልትሮ ቀይሩ።

ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ። እኔ ብሆን ገንዘቤን መጀመሪያ የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ፓምፕ ገዝቶ በድሮው ቀጭን ሽቦ ማስኬድ የተለመደ ስህተት ነው፦ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ፓምፑ ይደክማል፣ ነዳጁም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ቱርቦው ሙሉ ግፊት ሲሰጥ፣ ያንሳል። ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ሳቡለት።

ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር በስሌት ምረጡ። በደቂቃ 440 ሲሲ የሚረጭ ኢንጀክተር በቃኝ ይል የነበረ ሞተር በኢ85 ቢያንስ 600 አካባቢ ይፈልጋል፤ ግፊት ልትጨምሩ ካሰባችሁ ከዚያም በላይ። ካርቡሬተር ከሆነ ጄቱ፣ ማለትም ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ይስፋ።

አሁን የሞተሩ ኮምፒውተር። ከጭሱ የአየርና የነዳጁን ምጣኔ የሚለካው ዋይድባንድ ሴንሰር ሳይገጠም ማስተካከያ አይጀመር። መጀመሪያ የነዳጁን መጠን፣ ከዚያ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት፣ የቱርቦውን ግፊት መጨረሻ ላይ፣ ቀስ በቀስ። የማደያው ኢ85 እንደየወቅቱ ይለያያል፣ በብርድ ወቅት ኢታኖሉ ወደ 50 በመቶ ሊወርድ ይችላል። የኢታኖል ሴንሰር ካለ በጣም ጥሩ፦ የተለመደው ዓይነት ለ0 በመቶ 50 ኸርዝ፣ ለ100 በመቶ 150 ኸርዝ ይልካል፣ ኮምፒውተሩም ራሱ ያስተካክላል። ብዙ የድሮ ኮምፒውተር ግን ይህን ማንበብ አይችልምና በአዲስ መተካት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሴንሰር ከሌላችሁ በየሙሌቱ ለኩ። መስመር ባለው የመስታወት ሲሊንደር 10 ሚሊ ውኃ አድርጉ፣ ነዳጅ እስከ 100 ሙሉ፣ በጥንቃቄ ናጡና አስቀምጡት። ኢታኖሉ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ክፍል 80 ላይ ከቆመ 10 ቀንሱ፣ ለ90 አካፍሉ፦ 78 በመቶ ገደማ ነው። ከእሳትና ከሲጋራ ራቅ ብላችሁ ብቻ!

ጠዋት በብርድ ቶሎ አይነሳም፣ ለማስነሻ የሚሰጠውን ነዳጅ ጨምሩ። ያ ትርፍ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ስለሚቀላቀል ዘይት ከበፊቱ ቶሎ ይቀየር። ለወራት ልታቆሙት ከሆነ ወደ ቤንዚን ማስተካከያው መልሱና ቤንዚን ሞልታችሁ ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ አቁሙት።