ስቶርም ግላስ ድሬ ላይ ይሰራል? ቤታችሁ ውስጥ እንዴት እንደምትፈትኑት

ስቶርም ግላስ ፈሳሽ የያዘ የታሸገ ብርጭቆ ነው። ፈሳሹ ከጠራ ፀሐይ፣ ክሪስታል ከሞላበት ዝናብ ይመጣል ይባላል። የእኔን ብርጭቆ አንድ ዘመድ ከውጭ አመጣልኝ። ቡፌ ላይ ሲቀመጥ በጣም ያምራል። ትንበያውን ግን ሳትፈትኑ አትመኑ።

ውስጡ ያለው ውሃ፣ አልኮል፣ ካምፎርና ሁለት ዓይነት ጨው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ ያደረገው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ፊትዝሮይ ነው። ዳርዊን የተጓዘባት የቢግል መርከብ ካፒቴን ማለት ነው።

ደብተርና የክፍል ቴርሞሜትር ያዙ። ተራው ይበቃል፤ ለውድ ዲጂታል ገንዘብ አታውጡ። ብርጭቆውን ፀሐይም ቬንትሌተርም ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ማታ ማታ የክፍሉን ሙቀትና ብርጭቆው የሚያሳየውን ጻፉ፤ በማግስቱ የሆነውን ከጎኑ። ትንበያው ቀድሞ ይጻፍ። ዝናቡ ከጣለ በኋላ «ብሎኝ ነበር» ማለት ቀላል ነው።

ከባዱ ነገር ወሩን መምረጥ ነው። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ኅዳር ላይ ጀመርኩ። ብርጭቆው «ፀሐይ» ይላል፣ ፀሐይ ይሆናል። ይሰራል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ነሐሴ ላይ አንዷ ጎረቤቴ እኔን አምና በርበሬዋን ግቢ ውስጥ አስጥታ ገበያ ሄደች። ከሰዓት ዶፉ ወረደ። በርበሬው አንድ ሳይቀር ራሰ። ብርጭቆው ግን ያኔም ጥርት እንዳለ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩን ቆይቼ ነው የገባኝ። ድሬ በበጋ ዝናብ ብርቅ ነው። በ30 ቀን አንዴም ካልዘነበ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ፀሐይ ነው» የሚል ሰውም 30 ከ30 ያገኛል። ስለዚህ ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሁን። ብርጭቆውንም ከዚህ ሰው ጋር አወዳድሩት። ካልበለጠው አልተነበየም።

ክረምት እስኪገባ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ብርጭቆውን ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዩት። ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቡት። ስታወጡት ነጭ ክሪስታል ታያላችሁ፤ ሰማዩ ግን ምንም አልሆነም። ሲበርድ ካምፎሩ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይሟሟል። የታሸገ ስለሆነ የውጭው አየር ግፊትና እርጥበት አይገባበትም። እኔ ይዤው ሐረር ወጥቼ ነበር። ድሬ ጠርቶ የዋለው ብርጭቆ እዚያ ሌሊቱን አበባ መስሎ አደረ። ዝናብ ግን ጠብ አላለም።

ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ልግዛ ለሚል፦ እኛ አገር ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ቢዘንብም ባይዘንብም። ዝቅ አለ ብላችሁ ዝናብ አትጠብቁ።

ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ፈጽሞ አትተማመኑ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍ የመጣው ደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ነው። ደጋው፣ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ቢሆንም፣ ልጆቹን ከወንዙ አሸዋ አስወጡ።