የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የዕድገት ዕቅድ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች «የዛሬ 10 ዓመት እዚህ እንደርሳለን» ብለው የሚያወጡት ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ያምራል። የሚበላሸው ሒሳቡ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በተለይ በአሜሪካ ትናንሽና መካከለኛ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተማሪን ቁጥር እንደ ገቢ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዕቅዱ «አዲስ ገቢ ተማሪዎች በ20 በመቶ ይጨምራሉ» ይላል፤ ቦርዱም ገንዘቡ አብሮ የሚጨምር ይመስለዋል። ነገር ግን በአሜሪካ የግል ኮሌጆች ወረቀት ላይ የሰፈረውን ክፍያ ሙሉውን የሚከፍል ጥቂት ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚደረገው ቅናሽ በአማካይ ከግማሽ አልፏል።

በቁጥር እንየው። የዓመቱ ክፍያ 40,000 ዶላር፣ ቅናሹ 55 በመቶ ቢሆን ከአንድ ተማሪ እጅ የሚገባው 18,000 ነው። 300 ተማሪ 5.4 ሚሊዮን ያስገባል። ቁጥሩን 360 ለማድረስ ተብሎ ቅናሹ 65 በመቶ ቢደርስ ከአንዱ የሚገኘው ወደ 14,000 ይወርዳል፤ ድምሩም 5.04 ሚሊዮን ይሆናል። 60 ሰው ተጨምሮ 360,000 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ለተጨመሩት ደግሞ መምህርም መኝታም ያስፈልጋል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ከተማሪው ቁጥር አጠገብ «ከቅናሽ በኋላ ከአንድ ተማሪ የሚገኝ» የሚል ዓምድ ይግባ። ይህ ዓምድ የሌለውን ዕቅድ ቦርዱ ባያጸድቀው ይሻላል።

ሕንፃን ማስቀደም

አዲስ የሳይንስ ሕንፃ ለፎቶም ለለጋሽም ይመቻል። 30 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ከተበደሩ የዓመቱ ክፍያ 1.95 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአንድ ተማሪ በሚገኘው 18,000 ሲካፈል የ108 ተማሪዎች ክፍያ ለባንክ ብቻ ይሄዳል። ለጥገና በዓመት የሕንፃውን ዋጋ 2 በመቶ ብንይዝ ሌላ 600,000 ይጨመራል፤ ይህም የ33 ተማሪ ገንዘብ ነው። እስካሁን አንድም መምህር ደመወዝ አልተከፈለውም።

የመሣሪያው ወጪም ይረሳል። የኬሚስትሪ ክፍሉ የኤንኤምአር ማሽን (የሞለኪውሎችን አወቃቀር በኃይለኛ ማግኔት የሚመረምር መሣሪያ) በስጦታ ቢያገኝ ማግኔቱ ፈሳሽ ናይትሮጅን በየሳምንቱ ገደማ፣ ፈሳሽ ሂሊየም ደግሞ በየጥቂት ወራቱ ይፈልጋል። ሂሊየሙ ካለቀ ማግኔቱ ኃይሉን ያጣል፤ መልሶ ማስነሳቱም ውድ ነው። ስጦታው የማሽኑን ዋጋ እንጂ ይህን አይሸፍንም።

በ1868 የተመሠረተው የካሊፎርኒያው ኦክላንድ ካቶሊክ ተቋም ሆሊ ኔምስ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ሲዘጋ ተማሪው እየሳሳ ዕዳው ግን 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

የሲስተሮችን አገልግሎት በገንዘብ አለመተመን

ብዙዎቹን ኮሌጆች ያቋቋሙት ሲስተሮች (ገዳማውያት እህቶች)፣ ወንድሞችና ካህናት ሲሆኑ የሚያስተምሩትም ያለ ደመወዝ ወይም ደመወዛቸውን ለኮሌጁ እየመለሱ ነበር። እነሱ ሲያረጁ በቦታቸው የሚቀጠረው ምዕመን ቤተሰብ ያስተዳድራል። ዕቅዱ ውስጥ አሁንም በነጻ የሚሠሩ ገዳማውያን ካሉ የእያንዳንዳቸው ቦታ በገበያ ደመወዝ ተተምኖ ይቀመጥ።

ካቶሊክነትን መቅድሙ ላይ ብቻ መጻፍ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ነሐሴ 1990 ያወጡት «ኤክስ ኮርዴ ኤክሌሲዬ» የተባለው ሰነድ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ካቶሊክ ያልሆኑ መምህራን ከግማሽ እንዳይበልጡ፣ ሁሉም መምህራን ሲቀጠሩ የተቋሙ ማንነት እንዲነገራቸው። በቤተ ክርስቲያኒቱ የቀኖና ሕግ ቁጥር 812 መሠረት ደግሞ የነገረ መለኮት መምህራን ከሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። እነዚህ ሁሉ የቅጥር ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ ዕቅዱ በቃለ መጠይቅ ወቅት ስለ ተልእኮው የሚጠይቀው ማን እንደሆነ (ዲኑ ቢሆን ይመረጣል)፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ፣ አዲስ መምህር በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚማር ይጻፍበት። ይህ ካልተደረገ 100 መምህር ከተቀጠረ በኋላ መመለሻ የለውም።

ባለቤቱን መጨረሻ ላይ ማማከር

መሬቱ የገዳማዊ ማኅበሩ ከሆነ ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እስከ ሮም የሚደርስም አለ። ናይሮቢ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባለቤት የኢትዮጵያ ጳጳሳትም አባል የሆኑበት የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ማኅበር (አሜሲያ) ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ የብዙ አገር ጳጳሳትን ይሁንታ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ መርሐ ግብሩ ላይ ሊታይ ይገባል።

ኖትር ዳምን መኮረጅ

ታዋቂው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ኖትር ዳም በ2023 የታላላቅ የምርምር ተቋማት ስብስብ የሆነውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበርን ሲቀላቀል ከተመሠረተ 181 ዓመቱ ነበር። አባ ቴዎዶር ሄስበርግ ብቻቸውን ከ1952 እስከ 1987 መርተውታል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚመድበውና በ2025 በወጣው የካርኔጊ ምደባ ከፍተኛውን የምርምር ደረጃ ለማግኘት በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር የምርምር ወጪና 70 የዶክትሬት ምሩቃን ያስፈልጋሉ። ሦስት የዶክትሬት ፕሮግራም ያለው ተቋም ይህን በአምስት ዓመት አያሟላም። አንድ መስክ መርጦ እሱን ማጠናከር ይሻለዋል።

ቦስተን ኮሌጅ በ2024 በከፈተው መሲና ኮሌጅ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል። ለካቶሊክ ተቋም ይህም ዕድገት ነው፤ እንዲያውም ከደረጃ ሠንጠረዥ ይልቅ ለተልእኮው ይቀርባል።

የገባውን ተማሪ መርሳት

ከ500 አዲስ ገቢዎች በሁለተኛው ዓመት የሚመለሱት ከ80 ወደ 85 በመቶ ቢያድጉ 25 ተማሪ ይተርፋል፤ በ18,000 ሲሰላ በዓመት 450,000 ዶላር ነው። ሥራው ቀላል ነው። በአራተኛው ሳምንት ሬጅስትራሩ ከክፍል የቀሩትን፣ የፋይናንስ ክፍሉ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች ቀሪ ዕዳ ያለባቸውን ስም ዝርዝር ያወጣሉ። ሁለቱም ዝርዝር ላይ ስሙ የወጣ ተማሪ ጋ ኢሜይል አይላክም፤ አማካሪው በዚያው ሳምንት ስልክ ይደውልለታል። በትንሽ ዕዳ ምክንያት የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ የተዘጋበት ካለ፣ ምዝገባው ሳይጀመር ዕዳው በክፍፍል እንዲከፈል ተደርጎ እገዳው ይነሳለት።